መጽሐፉን የጠቆመው ማነው

እኛ ዘንድ «ጥቆማ» ሲባል ሰው ሊሸሽ ጫማውን ይፈልጋል። ከተማ ውስጥ ጥሩ ቃል ሳይሆን አይቀርም፤ እኛ ግን ትርጉሙን የተማርነው በመሬት ሽግሽጉ ጊዜ ነው። ቀበሌው በሙሉ ሜዳ ላይ ተሰበሰበና «በደርግ ጊዜ ቢሮክራት የነበረ ይጠቆም፤ መሬቱ ይቀነሳል» ተባለ። ጎረቤቴ ብድግ ብሎ ጣቱን እኔ ላይ ቀሰረ። በደርግ ዘመን የገበሬ ማኅበሩን የመጋዘን ቁልፍ ይዤ ነበርና። የያዝኩት ቁልፍ እንጂ ብዕር አይደለም፤ ስሜን እንኳ መጻፍ ስለማልችል በአውራ ጣቴ ነበር የምፈርመው። ቢሆንም ቢሮክራት ተባልኩ፤ ወንዝ ዳር ያለው ደህናው ማሳዬም ለዚያው ለጠቋሚዬ ደረሰው። ፊደል ያልቆጠረ ቢሮክራት ከወግዲ እስከ ወረኢሉ ከእኔ በፊት የተሰማ አይመስለኝም።

ከተባልኩ አይቀር ልሁን ብዬ ፊደል ጀመርኩ። አስተማሪዬ ልጄ ነበረች፤ መማሪያችን ደግሞ ከትምህርት ቤቱ ንባብ ክፍል እየተዋሰች የምታመጣው አንድ ሽፋን የሌለው መጽሐፍ። አንዲት አህያ ገበያ አልሄድም ብላ በር ላይ ትተኛለች። ባለቤቷ ይለምናታል፣ ይመታታል፣ ሽማግሌ ይልክባታል፤ እሷ ወይ ፍንክች። ሽፋኑ ከእኛ በፊት ስላለቀ ርዕሱንም ጸሐፊውንም የሚያውቅ የለም። እኔ አህያዋ ምን ሆነች እያልኩ ቃል ስዘል ልጄ ትቆጣኛለች።

«አባ፣ ዓረፍተ ነገሩ አላለቀም። በሬ እንኳ ትልሙን ሳይጨርስ አይዞርም።»

ከበሬ አሳንሳኝም ቢሆን አስጨረሰችኝ። በሕይወቴ አንብቤ የጨረስኩት የመጀመሪያው መጽሐፍ እሱ ነው።

ጥቂት ዓመታት ቆይቶ፣ የወላጅ ኮሚቴ አባል ሆኜ ሳለ፣ ከላይ ትእዛዝ መጣ። በዚያ ዘመን «ከላይ» ሲባል ዝናብም አይደለም፣ አላህም አይደለም። ለሕፃናትና ለወጣቶች ከተጻፉት መጻሕፍት ለሽልማት የሚበቃ ይጠቆም፤ የተጠቆመውም ከሚላከው የወረዳ ትምህርት ባለሙያ ጋር ይሂድ ተባለ። እኔ የማውቀው መጽሐፍ አንድ ነው፤ እሱንም ለመጥራት ተዘጋጀሁ። የስብሰባው ዕለት ጠዋት ልጄ በሩ ላይ ቆመች። ያኔ ትናንሾቹን ልጆች ከትምህርት በኋላ የምታስነብበው እሷ ነበረች።

«አባ፣ የአህያዋን እንዳትጠራ።»

«ለምን? ከሷ የተሻለ የት አለና? ብትሸለም ስሟ ይነሳል።»

«የትምህርት ቤቱ ሬዲዮ ለጥገና ወደ ላይ ሄዶ መጣ? የማኅበሩ ሚዛንስ መጣ? ያለችን እሷ አንዷ ናት። ስሟ ተነስቶ ልጆቹ በምን ያንብቡ?»

ልጅህን አስተምር ሲሉኝ፣ በክርክር ትረታሃለች ብሎ የነገረኝ የለም።

ባለሙያው ከመካነ ሰላም በሞተር ሳይክል መጣ። የጫማውን ጭቃ ከማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በገነጠለው ወረቀት ጠረገና ገባ። «እንግዲህ መጽሐፍ እንጠቁም» አለ። አንዳንዱ ጫማውን መፈለግ ጀመረ። በመጨረሻ ልጆቻችንን ቁርኣን የሚያቀሩት ሼህ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጄ፣ መጽሐፉ ምን አጥፍቶ ነው?»

«አላጠፋም አባቴ። ሊሸለም ነው።»

«አብሽር። ይኸንንም ሰውዬ ምንም አትሆንም ብለውት ነበር» አሉ፣ በአገጫቸው ወደ እኔ እያመለከቱ።

ከኋላ አንዱ «መሬት አለው እንዴ የሚቀነስበት?» አለ። ሳቅ ሆነ። ባለሙያውም ሳቀ፤ ሲጨርስ ማን እንደተናገረ ለማየት ዞረ።

ርዕሰ መምህሩ ያሉትን መጻሕፍት ጠረጴዛው ላይ ደረደረ። ለወጣቶች የሚሆን አንድ የፍቅር ታሪክ ነበረን፤ እሱን ግን መሳቢያው ውስጥ ቆልፎ ራሱ ስለሚያነበው ለውድድር አልቀረበም። ባለሙያው ሽፋን የለሹን በሁለት ጣቱ አንጠለጠለ።

«ተማሪው ከሁሉ የሚወደው እሱን ነው» አለ ርዕሰ መምህሩ።

ባለሙያው ሁለት ገጽ ገለጠ። «አህያዋ አልሠራም ማለቷ ምን ያስተምራል?»

ግምገማ ተጀመረ። ማሳዬ የደረሰው ጎረቤቴ እሱም ኮሚቴ ነው፤ «የልማት እንቅፋት ናት» አለ። አንዲት መምህርት «መጨረሻው ላይ እኮ…» ብላ ጀመረችና ተወችው። አህያዋን ተነስተሽ ግለ ሂስ አድርጊ አለማለታቸው ገረመኝ።

«ይዤው ልሂድና ከላይ ይታይ» አለ ባለሙያው። «ካስፈለገ ከንባብ ክፍል ይወገዳል።»

እኛ ሳንጠቁማት ልትሄድብን ነው። ተነሳሁ።

«ጥቆማ አለኝ።»

ጎረቤቴ ደነገጠ። እኔ ግን ያነሳሁት ከፊተኞቹ ጥቂቶች በቀር ገጾቹ ተጣብቀው የቀሩበትን፣ ስለ እርከን የተጻፈውን ነው። ውስጡ ያለው ልጅ ከጠዋት እስከ ማታ እርከን ይሠራል፤ አንዴ አይርበውም፣ አንዴ አይዋሽም፣ እናቱን የሚያናግራት እንደ ስብሰባ መሪ ነው። ላነበው ስሞክር እንቅልፍ እየወሰደኝ ትቼዋለሁ።

«ይህን መጽሐፍ ጠንቅቄ አውቀዋለሁ» አልኩ፣ ጎረቤቴን ዓይን ዓይኑን እያየሁ። «ከማን ጋር እንደሚውል፣ ለማን እንደሚሠራ አውቃለሁ። ማንም እንዳይደብቀው። ወደ ላይ ይወሰድልን።»

በሽግሽጉ ጊዜ እሱ ራሱ እኔ ላይ ያለው ቃል በቃል ይኸው ነበር። ጎረቤቴ አንገቱን ደፋ። ባለሙያው ግን እንዲህ ያለ የነቃ ገበሬ አይቶ አያውቅምና አጨበጨበ፤ እሱ ካጨበጨበ ሕዝቡ ማጨብጨብ ያውቃል። በዚህ መሀል ሼሁ ጋቢያቸውን ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርገው ነበር። ስብሰባው አልቆ፣ ባለሙያው አህያዋን ረስቶ እርከኑን ይዞ ሲወጣ፣ ሼሁ ጋቢያቸውን አነሱ፤ ከሥሩ ያለውም አብሮ ተነሳ። በር ላይ ደርሰው እጄ ውስጥ ከተቱልኝ።

«ለልጅቷ ስጣት። ይቺ አህያ እንኳን ለሱ ለባለቤቷም አልታዘዘች።»

በዓመቱ እርከኑ ተሸለመ። የሽልማቱ ድርሻችን ራሱ መጽሐፉ ነበር፤ በካርቶን በካርቶን ታጭቆ መጣልን። ወደ ላይ የሄደ ነገር ሲመለስ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም ተባዝቶ።

ንባብ ክፍሉ አግዳሚ ወንበር የሚባል አልነበረውም፤ ልጆቹ ከመሬት ነበር የሚቀመጡት። አንድ ቀን ብቅ ብል ልጄ ካርቶኖቹን በግድግዳው ዙሪያ ደርድራ፣ ትናንሾቹን ላያቸው ላይ አስቀምጣ፣ አህያዋን ታነብላቸዋለች። እኔን ስታይ ያቆመችበትን በጣቷ ይዛ ቀና አለች።

«አባ፣ ጥሩ መጽሐፍ ነው የጠቆምከው» አለች። «ምንም አይጎረብጥም።»