ባቡር ጣቢያ ላይ የተለጠፈችው እናቴ

መካነ ሰላምን የለቀቅሁት ጎህ ሳይቀድ በደሴ አውቶቡስ ነው። ከመሳፈሬ በፊት ስልኬን አውጥቼ እናቴን አንድ ፎቶ ላንሳሽ ብላት ፊቷን ሸፈነችብኝ። አባቴ ካረፈ ዓመት አልሞላውም፤ ጸጉሯን ተላጭታ፣ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ነበር የሸኘችኝ።

«ኧረ ተይኝ! ሐዘን ላይ ያለ ሰው ፎቶ ይነሳል? ነጠላዬን ሳቀና መጥተሽ ታነሽኛለሽ፤ አብሽሪ» አለችኝ።

እሺ ብዬ ተሳፈርኩ። ሱዳንን፣ ሊቢያንና ያንን ባሕር እንዴት እንዳለፍኩ አልዘረዝርም፤ የቀመሰ ያውቀዋል። ስልኬም ውስጡ ከነበሩት የድሮ ፎቶዎች ጋር ባሕር ገባ። ጀርመን ስደርስ የተረዳሁት ነገር ቢኖር፣ እዚህ አገር ያለ ተርሚን፣ ማለትም ያለ ቀጠሮ፣ ሞት እንኳ በር እንደማያንኳኳ ነው። ዳቦው ደረቅ፣ ሰላምታው ከዳቦው የባሰ። የአገራችንን ደጋ፣ የደጎሎን ውርጭ ለምናውቅ ብርዱስ እንግዳ አይደለም፤ እንግዳው ሰዉ ነው። የጥገኝነት ጉዳዬ ስላልተወሰነም ወዴትም ንቅንቅ ማለት አልችልም።

አንድ ጠዋት ወደ ጽዳት ሥራዬ ስሄድ፣ ባቡር ጣቢያው ግድግዳ ላይ በር የሚያህል ፎቶ አየሁ። እናቴ ናት! የአገጯ ንቅሳት፣ የተላጨው ራሷ፣ የተዘቀዘቀው ነጠላዋ። ከኋላዋ የአባቴ የተዝካር ድንኳን ይታያል። የተዝካሩ ቀን አንዲት ነጭ መኪና መንገድ ዳር ቆማ እንደነበር ትዝ አለኝ። ከፎቶው ሥር በትልቁ «ዛሬ አልበላችም» ይላል። አልበላችም! ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም ለየብቻ ሰንጋ ጥላ አገር ያበላችውን ሴት!

ፎቶውን የለጠፈው የእርዳታ ድርጅት ቢሮ ሄድኩ፤ በተርሚን ነው እንግዲህ። ኃላፊው ራሰ በራ ሰውዬ ነው።

«እናቴ ናት፤ አውርዱልኝ» አልኩት በተሰባበረ ጀርመንኛዬ።

«እናትዎ ለመሆናቸው ማስረጃ አለዎት?»

«ፊቴን አያዩም?»

«ፊት ማስረጃ አይሆንም። ደግሞም የፎቶው መብት በሕግ የፎቶ አንሺው ነው።»

«ፊቱስ የማን ነው?»

«የተነሱት አደባባይ ላይ ነው» አለኝ። የአባቴ ድንኳን አደባባይ ሆኖ አረፈው!

«የተራበች አይደለችም፤ ባሏ ሞቶባት ነው። ነጠላ የሚዘቀዘቀው ለሐዘን ነው።»

«ተመልካቹ እኮ ይህን አያውቅም» አለኝ፣ የሚያጽናናኝ ይመስል።

ደሜ ፈላ። ስልኬን አውጥቼ ፎቶ ቀጭ አደረግሁት። ሰውዬው ከወንበሩ ተስፈንጥሮ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«ፈርቦትን! ክልክል ነው! ፊቴን ያለ ፈቃዴ? አጥፊው፣ ፖሊስ እጠራለሁ!» አንቱታውንም ረሳው። ለፊት ሕግ አላቸው ለካ፤ ለራሳቸው ፊት። አጠፋሁለት፤ የሱን ፊት ደግሞ ማን ይፈልገዋል።

በሳምንቱ እናቴ ከግድግዳው ወረደች። ለኔ ብለው እንዳይመስላችሁ፤ የማስታወቂያው ጊዜ አልቆ ነው። በቦታዋ የውሻ ምግብ ተለጠፈ። አውርዱልኝ እያልኩ የከረምኩት እኔው፣ እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። የሷ ሌላ ፎቶ የለኝማ፤ ያንንም «አልበላችም» ከሚለው ጋር በስልኬ ማንሳት ተጠይፌ ነበር። ንቄያቸው ንቄያቸው፣ እንዲያው አንዱን ቅጂ ስጡኝ ብዬ ልለምናቸው ሁሉ አምሮኝ ነበር።

ማታ ደወልኩላት።

«ነጠላዬን አቀናሁ እኮ! ጸጉሬም በቅሏል። በይ ነይና አንሽኝ» አለችኝ።

«እማ፣ ለጊዜው ሌላ ሰው አንስቶሽ ይላክልኝ።»

«ምን ሲደረግ! እኔ ፊቴን ለማንም አልሰጥም። አንቺን ነው የምጠብቅ።»

ስለ ግድግዳው አልነገርኳትም። እሺ አልኳት።