ባለቤቴ ከገበያ የገዛው ቅቤ

ቤታችን ውስጥ ገንዘብ ያዡ ባለቤቴ ነበር። ያዥ ያልኩት በከንቱ አይደለም፤ አንዴ የያዘውን ብር ለጨው መግዣ እንኳ ሲጠየቅ ጣቶቹ እሺ አይሉትም። የምንኖረው ከጊምቢቹ ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር፤ ሆሳዕና ገበያ ለመድረስ ግማሽ ቀን በእግር ያስኬዳል። መሬቱ የባላባት፣ ግብሩ የመንግሥት፣ ልፋቱ የእኛ። ስንዴው ሲሸጥ፣ ባሕር ዛፉ ሲቆረጥ፣ ወይፈኑ ወደ ገበያ ሲነዳ ብሩ እሱ ኪስ ይገባል። ከዚያ ወዴት እንደሚሄድ የሚያውቁት እሱና ፈጣሪ ብቻ ነበሩ፤ ፈጣሪም ቢሆን ሁሉ የተነገረው አይመስለኝም።

አንድ ዓመት ግን ብሩ የት እንደገባ በዓይኔ አየሁት። ኮርቻ ሆኖ መጣ። ጥሩ የበቅሎ ኮርቻ ነው፤ ቆዳው ያብረቀርቃል፣ ጠርዙ በቀይ ክር ተሰፍቷል። የጎደለው ነገር ቢኖር በቅሎዋ ብቻ ናት። ባለቤቴ አንድ ቀን ጭቃ ሹም እሆናለሁ ብሎ ያስብ ነበር፤ በእግሩ የሚኳትን ጭቃ ሹም ደግሞ ማን ያከብራል? በቅሎ ውድ ስለሆነች በኮርቻው ጀመረ። ምሰሶው ላይ ሰቀለው። እንግዳ መጥቶ በቅሎዋ የት ናት ብሎ ከጠየቀ፣ መስክ ላይ ናት ይላል። ለሦስት ዓመት መስክ ላይ ነበረች። እኔ ደግሞ ቆዳው እንዳይደርቅ በየወሩ ቅቤ እቀባዋለሁ። ያረፈበት የበቅሎ ጀርባ የለም፣ የኔን ቅቤ ግን እንደ ሕፃን ይጠጣ ነበር።

ከምሰሶው በስተጀርባ፣ ጓዳ ያለው ነገር ግን የኔ ነው። ወተቱ፣ ቅቤው፣ እንሰቱ የሴት ነው፤ በሀገራችን ወንድ ልጅ የወተት ዕቃ ከፍቶ አየ ከተባለ ወሬው ከሱ ቀድሞ ገበያ ይደርሳል። ስለ ቅቤ መጠየቅ እንኳ ያሳፍራል። ስንት ነው የቀረሽ፣ የት ነው ያለው፣ ምን አደረግሽው የሚል ባል፣ ባል መሆኑ ቀርቶ ምራት ሆኗል ይባላል። ሆሳዕና ውስጥ ባንክ ይኑር አይኑር አላውቅም፤ የኔ ባንክ ግን ዘበኛ ሳያስፈልገው የሚጠበቅ የሸክላ ገንቦ ነበር።

ባንኩ ማኅበርተኞችም ነበሩት። ዊጆ እንለዋለን። የአንዲት ቤት ላም በሳምንት የምትሰጠው ቅቤ ለአፍ እንጂ ለገበያ አይሆንም፤ ስለዚህ ሰባት ሴቶች ሆነን በየሳምንቱ እያንዳንዳችን በቆርቆሮ ኩባያ እየለካን እናመጣና ሁሉንም ለአንዷ እንሰጣለን። በሚቀጥለው ሳምንት ለሌላዋ። ክረምቱ ወጥቶ ሳሩ ሲያምር ኩባያው ሁለት፣ ሦስት ይሆናል። እንግዲህ ከመስቀል በፊት ያለው ሳምንት የደረሳት ሴት ንግሥት ናት፤ ቅቤውም ብዙ፣ ዋጋውም የናረ ነው። ያ ሳምንት በየዓመቱ የአማቴ ነበር። የዊጆው እናት እሳቸው፣ ኩባያው በእጃቸው፣ ተራውን የሚመድቡት እሳቸው። በአጋጣሚ ነው ይሉናል፤ እኛም እናምናለን።

የአማቴን ስም አልጽፍም። ያኔ ምራት የአማቷን ስም መጥራት ቀርቶ፣ ስማቸው በሚጀምርበት ድምፅ የሚጀምረውን ቃል ሁሉ እየዘለለች ሌላ ቃል ፈልጋ ነው የምታወራው። ከሞቱ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል፤ እጄ ግን ዛሬም አልደፈረም።

አንድ ነገር ልጨምር። ቅቤ በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ በቃጫ ይታሰራል። የሰባት ሴቶች ጥቅል አንድ ቦታ ሲቀመጥ አንዱ ከሌላው አይለይምና እያንዳንዱ ቤት የራሱ አስተሳሰር አለው። የአማቴ ቤት ቃጫውን ሁለት ጊዜ ካዞረ በኋላ ሦስተኛውን ወደ ኋላ መልሶ ጫፉን ቅጠሉ ስር ይሸሽገዋል። በሙሽርነቴ ወር ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። እስካሁን ዓይኔን ጨፍኜ አስረዋለሁ፤ ጣጣውም የመጣው ከዚያ ነው።

ልጄ በዚያ ዓመት ከሰፈራችን የሚሲዮን ትምህርት ቤት አራተኛ ክፍልን ጨረሰች። ከዚያ በላይ የሚማር ሆሳዕና መሄድ አለበት። የሷ መማር ለኔ የተለየ ጉዳይ ነበር፣ ምክንያቱም አስተማሪዬ እሷ ናት። እንሰት ስፍቅ አጠገቤ ቁጭ ብላ ጮክ ብላ ታነባለች፤ እኔ እጄ ቆጮ ውስጥ እንዳለ ፊደሉን በዓይኔ እለቅማለሁ። ሀሁን የጨረስኩት ከአንድ መስመር እንሰት ጋር እኩል ነው። እሷ ከትምህርት ከቀረች እኔም አብሬ መባረሬ ነው።

መምህሯ ቤታችን ድረስ መጥተው ልጅቷ ጎበዝ ናት፣ እንዳትቀር ብለው ለመኑ። ባለቤቴ ለሴት ልጅ አራተኛ ክፍል ምን አነሳት ሊል አፉ ላይ ደርሶ ነበር። ሰው ፊት ስለሆነ ዋጠውና በገንዘብ አመካኘ። ሆሳዕና የምታስጠጋት አንዲት ባልቴት አለች፣ ግን የክፍሉን ኪራይ አስቀድማ ነው የምትፈልገው፤ ኪራዩ ቢገኝማ ዛሬውኑ ሂጂ እላት ነበር አለ። ይህን ሲናገር ልክ ከኮርቻው ስር ተቀምጦ ነው። መምህሩ ወደ ላይ አዩ፣ ወደ ታች አዩ፣ ከዚያ ቆባቸውን አነሡ።

እኔ ደግሞ የባሌን ቃል የማከብር ሴት ነኝ። ኪራዩ ቢገኝ ብሏል፣ አይደል?

አማቴ ዘንድ ሄድኩና የመስቀሉን ተራ እንዲለውጡኝ ለመንኩ። ልጅዎ ለበዓሉ ሰው ጠርቷል፣ እንግዳ ፊት እንዳያፍር ብዬ ነው አልኳቸው። መጥራቱስ እውነት ነው፤ መምህሩን፣ የቤተ ክርስቲያኑን ሽማግሌዎች፣ ለበዓሉ የሚታረደውን በሬ አብረውት የገዙትን ሰዎች ሁሉ ጠርቷል። ወንጌሉን ተቀብለን ጠጁንና ጠላውን ትተናል፤ ቅቤ ተዉ የሚል ጥቅስ ግን አላጋጠመንም። አታካናው በቅቤ ይዋኛል ብሎ ምሏል፤ አታካና በቡላና በቅቤ የሚሠራ የመስቀል ምግባችን ነው። አማቴ ለሌላ ነገር ቢሆን ኖሮ ተራቸውን አይሰጡኝም ነበር፤ ለልጃቸው ክብር ሲሆን ግን ጨክነው ሰጡኝ። ለልጃቸው ክብር ያልሆነ ነገር እንደማስብ ባለማወቃቸው ትንሽ አዘንኩላቸው፤ ብዙ ግን አልነበረም።

ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ የዊጆውን ቅቤ፣ ዓመቱን ሙሉ በገንቦ ካጠራቀምኩት ጋር፣ ጠቅልዬና አስሬ ከጎረቤቶቼ ጋር ወደ ሆሳዕና ወረድኩ። ለባለቤቴ ቡላ ልሸጥ ነው አልኩት። አንዱ የቅቤ ነጋዴ ጠቅላላውን ገዛኝ። ከገበያ ቀጥታ ባልቴቷ ቤት ሄጄ እስከ የካቲት ያለውን ኪራይ ከፈልኩ። የቀረችው ስሙኒ ለደብተርና ለእርሳስ ሆነች፤ ከዚያ በኋላ መቀነቴ ቀለለኝ።

ማታ ለባለቤቴ ነገሩን ቀስ ብዬ አፈሰስኩት። ለመስቀል የሚሆን ቅቤ አልተረፈንም፣ የነበረውንም ያ ኮርቻ ጠጣው አልኩት። ምሰሶውን አየ። ምን ይላል? ስለ ቅቤ አይጠይቅ ነገር ወንድ ነው፤ እናቱን አይጠይቅ ነገር ያው ቅቤ ነው፤ ኮርቻውን አይቆጣ ነገር ራሱ ገዝቶታል። ማክሰኞ ለግብር ጉዳይ ነው ብሎ ወደ ሆሳዕና ሄደ።

የበዓሉ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ጆንያ በትከሻው ተሸክሞ ሲመጣ ከሩቅ አየሁት። እንደ ጀግና ነበር የሚራመደው። ጆንያውን ፊቴ ጣለና እንኪ አለ፤ የበቅሎዋ ገንዘብ ላይ እጁን ሰድዶ ቅቤ ገዝቷል፣ የኔ ቤት በመስቀል ያለ ቅቤ አያድርም አለ። ደስ አለኝ፤ ባሌ ለቤታችን ቅቤ ሲገዛ የመጀመሪያው ነው። ጆንያውን ፈታሁ።

ሁለት ዙር። ሦስተኛው ወደ ኋላ። ጫፉ ቅጠሉ ስር።

እያንዳንዱ ጥቅል የኔው ነበር። ቅዳሜ የሸጥኩትን ቅቤ ባሌ ማክሰኞ በእጥፍ ዋጋ ገዝቶልኛል። ልጄ አጎንብሳ አየችና፣ እማ ይሄ እኮ ብላ ስትጀምር ውኃ ቅጂ ብዬ ላክኋት፤ እንስራው ሙሉ ነበር። ጥቅሎቹን በፍጥነት እየፈታሁ አቀለጥኳቸው። ቃጫውን እሳት ውስጥ ጨመርኩ። አንዱን ግን መፍታት አልቻልኩም፤ ባለቤቴ እንግዶች እንዲያዩት ብሎ ሳይፈታ ከኮርቻው ጎን ሰቅሎታል።

በማግሥቱ እንግዶቹ ገብተው ከተቀመጡ በኋላ አማቴ በዘንጋቸው እየተመረኮዙ ገቡ። ሳህኑን ይዤ ቆሜያለሁ። ዓይናቸው መጀመሪያ ያረፈው ጥቅሉ ላይ ነው። አወረዱት፣ አገላበጡት፣ አውራ ጣታቸውን ቋጠሮው ላይ አሳርፈው ቆዩ። ከዚያ እኔን አዩኝ። ተራቸውን ለምን እንደለመንኳቸው፣ ቅቤው የት እንደሄደና ምን እንደሠራ በዚያች አፍታ ሲያነቡት ታየኝ፤ ፊደል ሳይቆጥሩ ከኔ የፈጠኑ አንባቢ ነበሩ። አንድ ቃል ቢያወጡ ባለቤቴ ነገ ሆሳዕና ወርዶ ኪራዩን ያስመልሳል፣ ልጄም እዚሁ ትቀራለች።

«ይሄን ከየት አመጣኸው?» አሉት ልጃቸውን።

«ከሆሳዕና ነዋ እማዬ። ነጋዴው ለትልልቅ ሰዎች ብቻ የሚያስቀምጠው ነው።»

ስንት አወጣህበት አሉት። ነገራቸው፤ ትንሽም ጨመረበት መሰለኝ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጥሩ ቅቤ ነው» አሉ አማቴ፣ ዓይናቸውን ከኔ ሳይነቅሉ። «የሠራችው ሴት እጇ ንጹሕ ነው። ልቧን ግን እንጃ።» ከዚያ ወደ መምህሩ ዞሩ። «አንቱ መምህር፣ ባለፈው ስለ ልጅቷ መጥተው ምን ተባሉ?»

መምህሩ ሳህናቸውን አስቀምጠው፣ ኪራዩ ቢገኝ ትሄድ ነበር መባሉን በትሕትና ተናገሩ። አማቴ ወደ ልጃቸው ሲዞሩ፣ ያ ሌላ ይሄ ሌላ አለ፤ ኪራዩ ቢገኝማ ዛሬም አልከለክላትም፣ ቃሌ ቃል ነው አለ። ሰው ሁሉ እየሰማው ነው።

«አንቺ» አሉኝ አማቴ፣ «ኪራዩ ተከፍሏል ወይስ አልተከፈለም?»

ለመዋሸት ጊዜ አልነበረኝም። «ተከፍሏል። እስከ የካቲት።»

«ማን ከፈለው?» አለ ባለቤቴ፣ ጉርሻው በእጁ እንደቆመ።

«አንተ ነህ የከፈልከው» አሉት እናቱ።

መምህሩ ተነሥተው በሁለት እጃቸው ጨበጡት። ሽማግሌዎቹ መረቁት፤ ሴት ልጁን የሚያስተምር አባት ጌታ በረከቱን ያብዛለት አሉ። ባለቤቴ አንዴ እናቱን፣ አንዴ እኔን፣ አንዴ ኮርቻውን አየ። ምርቃት ደግሞ መካከል ላይ አይቋረጥም። አሜን አለ።

እንግዶቹ ከወጡ በኋላ መቼ ነው የከፈልኩት ብሎ ጠየቀኝ። ማክሰኞ፣ ሆሳዕና የሄድክ ጊዜ አልኩት። አልዋሸሁም። ብዙ አሰበና፣ እንዲያ ነው አለ።

አማቴን ሸኝቼ እንሰቱ ጥግ ስንደርስ ቆሙ። ስለዋሸኋቸው እንደሚወቅሱኝ ጠብቄ አንገቴን ደፋሁ። ጥቅሉን ከኩታቸው ስር አወጡት፤ ከምሰሶው ይዘውት ወጥተዋል።

«ለከርሞ ቋጠሮ ቀይሪ» አሉኝ። «ደግሞ ብቻሽን አትውረጂ። እኔ ከነጋዴው ጋር ብከራከር ይሻላል፤ በርካሽ ነው የሸጥሽለት።» ጥቅሉን መልሰው ኩታቸው ስር ከተቱና ሄዱ። የተራቸው ዋጋ መሆኑ ነው።

ሰኞ ባለቤቴ የልጁን ቆጮና ሰሌን በትከሻው ተሸክሞ እስከ ሆሳዕና ሸኛት። መንገድ ላይ ያገኙትን ሁሉ እያስቆመ፣ ኪራዩን አስቀድሜ ከፍዬላታለሁ ይል እንደነበር ልጄ ነገረችኝ። ባልቴቷንም ሳይቀር ሊነግራት ሲጀምር እጁን ይዛ ወደ ትምህርት ቤቱ ጎተተችው።

በሚቀጥለው ዓመት አማቴና እኔ አዲስ ቋጠሮ አሰርን። ባለቤቴ ደግሞ የመስቀል ቅቤ መግዛት ስም እንደሚያስጠራ ስላወቀ ማንም ሳይጠይቀው ማክሰኞ ወረደ። ያው ነጋዴ፣ ያው ቅቤ። ስድስተኛንም ሰባተኛንም ክፍል እንዲህ አድርጎ ከፈለ፤ በየዓመቱም አታካናውን ቀምሶ፣ የገበያ ቅቤ ከቤቱ ይሻላል ይለኝ ነበር። እኔም እውነትህን ነው እለዋለሁ። በቅሎዋ አልመጣችም። ኮርቻውን ግን ችላ ብዬው አላውቅም፤ በየወሩ ቅቤዬን እቀባዋለሁ፣ ውለታው አለብኝ።