ሽማግሌዎቹን የጫነችው መኪና

ባለፈው እሑድ ልጄ መኪናውን ሊያስነሳ ቁልፉን ሲያዞር "ቀጭ" ብላ ዝም አለች። ወዲያው ስልኩን አውጥቶ መካኒክ መፈለግ ጀመረ። እኔ ፈገግ አልኩ፤ ያ ድምፅ አንድ ጊዜ በላብ አጥምቆኛል።

ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ሙሉን ለማግባት ሽማግሌ የላክሁት በጥቅምት፣ ብርዱ ጆሮ በሚቆነጥጥበት ጠዋት ነው። ቤታቸው ከጊዮርጊስ ጀርባ፣ ጠባብ ቅያስ ውስጥ ነበር። ወጉ እኔ እዚያ ዝር እንዳልል ያዛል፤ ነገር ግን ከሦስቱ ሽማግሌዎች አንዱ የሆኑት አጎቴ ዓይናቸው ደክሞ መንዳት ስላቆሙ፣ አሮጌ መኪናቸውን እኔው ነዳሁ። ከበሩ ራቅ ብዬ ባርኔጣዬን እስከ ቅንድቤ ደፍቼ ጠበቅሁ። ከየግቢው የሚቁላላ ሽንኩርት ይሸታል። ቁርስ አልበላሁም።

ሽማግሌዎቹ ሲወጡ ፊታቸው አላማረኝም።

"'እናስብበት' አሉ" አሉኝ አጎቴ ከጎኔ እየተቀመጡ። "'ጠባዩን ሳናውቅ እንዴት ልጃችንን እንሰጣለን' ነው ነገሩ።"

ቁልፉን አዞርኩ። ቀጭ። ደገምኩ። ቀጭ።

ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ሰብስበው ሊገፉ ሲወርዱ፣ የሙሉ አባት ጋሽ ታፈሰ ከበሩ ብቅ አሉ። ዕድሜያቸውን በጭነት መኪና ሾፌርነት የጨረሱ ሰው ናቸው።

"መብራት አብራ" አሉኝ። በራ፤ ቁልፉን ሳዞር ግን ጭልም አለ። "ባትሪው ደህና ነው፤ የላላ ሽቦ አለ። ኮፈኑን ክፈት።"

ከባትሪው ወደ መኪናው አካል የሚሄደውን ወፍራም ሽቦ ነቅነቅ አደረጉት። ተወዛወዘ።

"ይኼን ማን ነው ያሰረው?"

አጎቴ ከኋላቸው ሆነው "መካኒክ" እንድል በዓይናቸው ጠቀሱኝ።

"እኔ ነኝ፣ ጋሼ። ቸኩዬ ዝገቱን ሳልፍቅ አሰርኩት።"

ቀና ብለው አዩኝ። "ሾፌሩ ነህ ወይስ ልጁ?"

"ልጁ ነኝ።"

ፊታቸውን አዙረው ወደ ቤት ተመለሱ። አበቃልኝ አልኩ በልቤ። ጥቂት ቆይተው የብርጭቆ ወረቀትና መፍቻ ይዘው መጡና እጄ ላይ አኖሩ።

"ብረቱ እስኪያበራ ፍቀው።"

ፈቀፈቅሁ፣ ብሎኑን አጠበቅሁ። እሳቸው ኮታቸውን አውልቀው አጠገቤ ቆመው ያያሉ። ሞተሩ በአንዴ ተነሳ።

"አጥፋውና ግቡ፤ ቅንጬው ይቀዘቅዛል" አሉ። ስገባ ሙሉ ከመጋረጃው ጀርባ ሳቋን ስታፍን ሰማሁ።

ዛሬ ጋሽ ታፈሰ የሉም፤ ቅያሱም ፈርሶ ሰፊ መንገድ ሆኗል። ሙሉ እንደምትለኝ፣ አባቷ ገና ከመኪናው ሳልወርድ በመስኮት አይተው ማን እንደሆንኩ አውቀው ነበር። እውነት መሆኑን አንድም ቀን አልጠየቅኋቸውም። አማትና አማች ሆነን በኖርንባቸው ዓመታት ሁሉ፣ ያን ጠዋት ባነሱ ቁጥር የሚያወሩኝ ስለ ሽቦው ብቻ ነበር።