ሁለት መቶ አሥራ ስድስትም ልክ ነው

ነቀምቴ የሚገኝ አንድ የግል ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህር ፈልጎ አመለከትኩ። ከዩኒቨርሲቲ በሒሳብ ተመርቄ አንገር ጉቲን ወላጆቼ ቤት ተቀምጬ ነበር። አባቴ ለፈተና መጠራቴን እንደሰማ “ልጄ አስተማሪ ሆነች” ብሎ ለሰፈሩ አወራ። ብወድቅ የምወድቀው ብቻዬን አልነበረም።

ፈተናው የማሳያ ትምህርት ነው። ርእሰ መምህሩ፣ አንዲት የሒሳብ መምህርትና ጸጉራቸው የሸበተ የቋንቋ መምህር የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ሆነው ጉልበታቸውን በማያስገባ ዴስክ ተቀመጡ። እኔ ትንሹን የጋራ ብዜት ላስተምራቸው ነው፤ ርእሰ መምህሩ “አካም ቡልቴ” ብለው ደህና ማደሬን ሲጠይቁኝ የመልሴን ግማሽ የዋጥኩት እኔ።

12ንና 18ን ከራሳቸውና ከአንድ በቀር በሌላ ወደማይካፈሉ ብቸኛ ቁጥሮች በተንኳቸው። 12 ማለት 2×2×3፣ 18 ማለት 2×3×3። ፊቴን ወደ ሰሌዳው እስካዞርኩ ድረስ ጎበዝ አስተማሪ ነኝ። ችግሩ መዞር አለ።

“ከዚህስ በኋላ ምን እናደርጋለን?”

ሽበታሙ ተማሪ እጃቸውን አወጡ። “ቲቸር፣ ሁሉንም አባዛለሁ። ሁለት መቶ አሥራ ስድስት።”

ልጆች ሁሉ የሚሳሳቱት ስህተት ነው። ግን በአባቴ ዕድሜ ያለ ሰው ተሳስተዋል ይባላል? እኛ ቤት ትልቅ ሰው ሲሳሳት ወሬ ይቀየራል።

“ጥሩ ሞክረዋል፤ የጋራ ብዜት ነው” አልኩ። አልዋሸሁም፤ ለሁለቱም ይካፈላል።

“ስለዚህ ልክ ነኝ?”

“ልክ ነዎት… ትንሽ ተለቅ አለ እንጂ።”

መምህርቷ እጃቸውን አወጡ። “የኔ ሠላሳ ስድስት ነው፣ ቲቸር። ተሳሳትኩ?”

“እርስዎም ልክ ነዎት።”

ርእሰ መምህሩ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። “ሁሉም ልክ ከሆነ እኔ የቱን ልጻፍ?”

“የኔን ጻፍ፣ ይበልጣል” አሏቸው ሽበታሙ።

ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን የአባቴ ወሬ ትዝ አለኝ። ዞሬ 216ን ሰሌዳው ላይ ጻፍኩና ከጎኑ ኤክስ አደረግሁ፤ ያለ መነጽር የማትታይ ኤክስ።

“ለምን?” አሉ ሽበታሙ፣ ከልብ የተከፉ መስለው።

“አሥራ ሁለት 2ን ሁለት ጊዜ ይፈልጋል፣ አሥራ ስምንት አንዴ ብቻ። ሁለት 2 ከያዝን የአሥራ ስምንትም እዚያው ውስጥ አለች። 3ም እንደዚሁ ሁለት ይበቃናል። 2×2×3×3፣ ሠላሳ ስድስት። ሁለቱም ያላቸውን ለምን እንደገና ታመጣለህ?”

ታመጣለህ። ጠመኔ በያዘ እጄ አፌን ያዝኩና ከንፈሬ ነጭ ሆነ። “ይቅርታ፣ አባባ።”

“አሁን ገባኝ” አሉ። “ጀባዱ፣ በርቺ። ግን ተማሪ አባባ አይባልም።”

ርእሰ መምህሩ ተነሥተው ጉልበታቸውን አሹ። “ሰኞ ሥራ ጀምሪ። ኤክስሽን ግን ከፍ አድርጊው፣ ልጆቹ አያዩትም።”

አሁን ከአዛውንቱ ጋር በአንድ የመምህራን ክፍል እንቀመጣለን። ያን ቀን አስመስለው ይሁን ወይ ከልባቸው ተሳስተው እስካሁን አልጠየቅኋቸውም። እውነት አላውቀውም ነበር ቢሉኝ ወዴት እገባለሁ?