ከኋላ ጎማ የወጣ የቲማቲም ቆርቆሮ

በእጄ የያዝኩት የቲማቲም ቆርቆሮ የወጣው ከሞተር ሳይክል የኋላ ጎማ ውስጥ ነው።

የሐጂ ዑመር የድሮ እንግሊዝ ሞተር ነው። ጎማው ይወላገዳል ብለው ዛሬ ኮድቡር ሰፈር ያለው ጋራዤ ድረስ አመጡት። ስፈታው ኩሽኔታው የሌላ ሞተር ሆኖ ተገኘ፤ ለዘንጉ ሰፍቶታል። ክፍተቱን ከዚህ በፊት የጠገነው ሰው ይህን ቆርቆሮ ጠቅልሎ ሞልቶታል።

(የቆርቆሮው የመጠቀሚያ ጊዜ ግን ገና አላለፈም።)

ሐጂ በዚህ ሞተር የልጅ ልጃቸውን ከኋላ አፈናጥጠው በየቀኑ ትምህርት ቤት ያደርሳሉ።

የሠራው መካኒክ ጅግጅጋ አብሮኝ ያደገ ነው። ደወልኩለት።

«ወላሂ፣ ለጊዜው ይያዝ ብዬ ነው።»

«ከዚያ በኋላስ?»

«ከዚያማ አላህ ያውቃል።»

አላህማ ያውቃል። አንተም ታውቅ ነበር።

ትክክለኛው ኩሽኔታ እስኪገኝ ሞተሩ ከዚህ አይወጣም።

እናንተስ «ተሠርቷል» ተብሎ ከተሰጣችሁ ዕቃ ውስጥ ምን አገኛችሁ? ጻፉልኝ፣ ብቻዬን አልናደድ።