የበቆሎ ቂጣው ፈተና

ሮተርዳም ውስጥ፣ ኦቲዝም ያለባቸውን ልጆች ለመርዳት የባህሪ ትንተና ስንማር፣ በክፍሉ የውጭ አገር ሰዎች ሁለት ብቻ ነበርን፤ እኔና ኮሎምቢያዊቷ ጓደኛዬ። እኔ የገባሁት አረጋውያንን ለዓመታት ስንከባከብ ከቆየሁ በኋላ ነው። እሷ አገሯ መምህርት ነበረች። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ፣ ፈተናው በደችኛ፤ እሷ ግን የምታስበው በስፓኒሽ ነው። ጥያቄውን በልቧ ተርጉማ፣ መልሱን መልሳ ተርጉማ እስክትጽፍ ሰዓቱ ያልቃል። እንዲያም ሆኖ የጽሑፉን ፈተና አለፈች። የጣላት የቤት ለቤት ልምምዱ ነው።

ልምምዷ ጎረቤት ከተማ ስኪዳም፣ አንዲት ያገሯ ሴት ቤት ነበር። የሴትዮዋ የአምስት ዓመት ልጅ ኦቲዝም አለባት፤ አንድም ቃል አትናገርም። እናቲቱ የበቆሎ ቂጣ አቀረበች፤ ጓደኛዬም በላች። ሆላንዳዊቷ ተቆጣጣሪያችን ይህን አይታ፣ «ከቤተሰብ ምግብ መቀበል ክልክል ነው፤ የሙያ ወሰኗን አልጠበቀችም» ብላ ጣለቻት። የቀራት አንድ ዕድል ነው። ያንን ከሳተች ከትምህርቱ ትሰናበታለች።

አማከረችኝ። እኔ ደግሞ ሕግ አንዴ ከተጻፈ እንደ ቀኖና ነው የማየው።

«እንቢ በያት» አልኳት። «ፈገግ ብለሽ፣ አመሰግናለሁ ብለሽ፣ እንቢ።»

«አንቺማ ምን አለብሽ! ጾም ነኝ ትያለሽ፣ ትገላገያለሽ። ለመሆኑ በዓመት ስንት ቀን ነው የምትበሉት?»

«ከመብላቱ መጾሙ ይበዛል።»

«እኔስ የትኛውን ቅዱስ ልጥራ እንግዲህ?»

ሳቅን። ግን እንደ ምክሬ ልታደርግ ቃል ገባች።

በፈተናው ቀን ዳዊቴን ደግሜ፣ የልጅቱን ምላሽ መዝጋቢ ሆኜ አብሬያት ሄድኩ። ተቆጣጣሪዋ ጥግ ይዛ ተቀምጣለች። እናቲቱ ትኩስ ቂጣ በሳህን ይዛ መጣች። ጓደኛዬ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ፈገግ ብላ፣ እንቢ አለች። ሴትዮዋ ሳህኑን አስቀምጣ ወደ ኩሽና ገባች። ስትጠራ «መጣሁ» ትላለች እንጂ አትመጣም። ልጅቱም ተከትላት ሄዳ ቀሚሷ ሥር ተሸጎጠች። ወረቀቴ ላይ ዜሮ፣ አሁንም ዜሮ።

ምን ብዬ እንደመከርኳት ያኔ ገባኝ። እኔ ማዕድ ስገፋ ጾሜ ይናገርልኛል፤ ማንም አይቀየመኝም። እሷን ግን የወገኗን እጅ እንድትገፋ ነው ያደረግኳት።

ጓደኛዬ ድንገት ተነሳች። ሳህኑን አንስታ ኩሽና ገባችና ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ለእናቲቱ በስፓኒሽ የሆነ ነገር ብትላት ሴትዮዋ ሳቀችና አጠገቧ ተቀመጠች። ጓደኛዬ ቂጣውን ቆርሳ ለእናቲቱ ሰጠች፤ እናቲቱ ለልጇ። ከዚያ ጓደኛዬ ሳህኑን ልጅቱ ፊት አድርጋ መዳፏን ዘረጋች። ጠበቀች። እኔ በልቤ አንድ አቡነ ዘበሰማያት ጨረስኩ። ልጅቱ ቂጣውን አየች፣ መዳፉን አየች፣ ቆረሰችና፦

«ቶማ» አለች። በስፓኒሽ እንኪ ማለት ነው።

እናቲቱ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ጓደኛዬ ተቀብላ፣ ወደ ተቆጣጣሪዋ ዞርም ሳትል፣ ጎረሰች።

«ለምን በላሽው?» አለች ተቆጣጣሪዋ የኩሽናው በር ላይ ቆማ።

«እንኪ አለችኛ! ባልቀበላት ሁለተኛ የምትናገር ይመስልሻል? ውጤት ያገኘ ባህሪ ይደገማል ብለሽ ያስተማርሽን አንቺ ነሽ።»

ተቆጣጣሪዋ ወረቀቴን አየት አደረገች። «እስቲ ድገሚው» አለች።

ተደገመ። ወረቀቴ በምልክት ተሞላ። በስድስተኛው ዙር ልጅቱ ብድግ ብላ ቁራሹን ለተቆጣጣሪዋ ዘረጋችላት። «ቶማ!» ተቆጣጣሪዋ ቁራሹን ይዛ እኔን ታየኛለች።

«ምን ታዪኛለሽ፣ ብዪው እንጂ!» አልኳት፤ ከየት እንደመጣልኝ እንጃ።

በላችው። አላምጣ፣ ውጣ፣ ጣቷን ጠርጋ፣ «ውጤቱን በጽሑፍ እልክልሻለሁ» አለቻት ጓደኛዬን። «ግን አልፈሻል።»

እልልታዬን ለቀቅኩት። ጎረቤት ግድግዳውን ደበደበ፤ እናቲቱ በስፓኒሽ የሆነ ነገር ጮኻ መለሰችለትና፣ እኔን አይታ፣ ምላሷን እያርገበገበች እልል ለማለት መሞከር ጀመረች።