የሙሽሮቹ መኪና መንገድ ላይ ፈላች

ዛሬ እህቴንና ባሏን ወደ ቡሬ ይዘን ስንሄድ፣ ማንኩሳን አለፍ እንዳልን የአባቴ አሮጌ ፔጆ ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ለቀቀች። አማቶቿ ድንኳን ጥለው ይጠብቃሉ!

አባቴ የራዲያተሩን ክዳን ሊከፍቱ ሲሉ «አባዬ፣ ሳይቀዘቅዝ ከከፈቱት እንፋሎቱ ፊትዎን ይልጠዋል!» ብዬ እጃቸውን ያዝኩ።

ሲቀዘቅዝ ከፍተን አየነው። ውሃው ብዙም አልጎደለም፤ ማቀዝቀዣ ፋኑን የሚያዞረው ቀበቶ፣ ቺንጋውም አልላላም። ጎንበስ ብዬ በስልኬ ሳበራ ግን የራዲያተሩ ፊት በጤፍ እብቅ ተደፍኗል፤ ነፋስ አያስገባም።

«ሰሞኑን አውድማው ዳር ነበር ያቆምኳት» አሉ አባቴ፣ ፈገግ ብለው።

ለሚዜዎቹ የተያዘውን የታሸገ ውሃ ሁሉ እያፈሰስን አጠብነው። (ሚዜዎቹ እስካሁን አኩርፈዋል።) እህቴም ቬሎዋን ሰብስባ አንዱን ጠርሙስ ራሷ ደፋችበት።

ቡሬ እስክንገባ የሙቀት መለኪያው ከመሃል ንቅንቅ አላለም፤ አባቴም ጡሩምባውን አለቀቁትም።

እናንተስ፣ ከነሙሽራዋ መንገድ ላይ የቆመችባችሁ መኪና አለች? እስቲ አውሩን።